ዝናብ የሚበላው ሞገድ

ጣርማ በር ላይ የክረምት ፀሐይ ቁጥብ ናት። ከጉሙ ተላቅቃ ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቅ ካለች የሰፈሩ ሴቶች ቶሎ ብለው ጆንያውን ዘርግተው ገብስ ያሰጣሉ። የበልግ ገብስ የሚታጨደው ክረምቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነውና፣ ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። በ1996 ዓ.ም. እዚያ ተራራ ላይ የማይክሮዌቭ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ከታወሩ ሥር ባለችው የብሎኬት ክፍል የተቀመጠው ራዲዮ ቁልቁል ካለው ከተማ ጋር በ23 ጊጋኸርትዝ ይነጋገር ነበር። የሞገዱ ርዝመት 13 ሚሊሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል።

አየሩ ጥርት ሲል ሜትሩ ላይ የማነበው የሲግናል ጉልበት ማይነስ 42 ነበር። ከይፋት ቆላ በኩል ደመና ተነሥቶ ሸለቆው ውስጥ መዝነብ ሲጀምር ግን ቁጥሩ ወደ 48፣ ወደ 55 ይወርዳል። እኛ ዘንድ ገና ፀሐይ ነው። ዝናቡ አቀበቱን ወጥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ላይ ይህን የማየው እንደ ጣጣ ብቻ ነበር። ሊንኩ ሊወርድ ነው፣ ስልክ ሊጮኽብኝ ነው፣ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን የሳይቱ ዘበኛ፣ አባባ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቆመው ፊቴን አዩና "ምን ሆንክ ልጄ?" አሉኝ።

"ታች ዘንቧል መሰለኝ አባባ፤ ሊንኩ እየወረደ ነው" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ወደ ግቢው ዞረው ባለቤታቸውን "አንቺ! ስጡን አንሺ!" ብለው ተጣሩ። ገብሱ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ዝናቡ ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ "ያ ሳጥን ዛሬ ምን ይላል?" ይሉኝ ጀመር። እኔም ደብተር ገዝቼ ሰዓቱን፣ ንባቡንና ዝናቡ የደረሰበትን ደቂቃ መጻፍ ያዝኩ።

ያ ሳጥን ምን ይል እንደነበር በደንብ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ ወዲህ ነው። እዚህም የምሠራው አንቴና ላይ ነው። ማታ ማታ የዚህን የሞገድ ቤተሰብ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። የሰው ልጅ ወደ ሚሊሜትር ሞገድ በቀረበ ቁጥር አየሩና ውሃው መንገዱ ላይ ቆመው አግኝቷቸዋል። ብዙዎቹ ሊያልፏቸው ታገሉ። ትልቁን ነገር ያገኙት ግን የአባባን መንገድ የተከተሉት፣ የሚወርደውን ቁጥር ራሱን እንደ መልእክት ያነበቡት ናቸው።

ሚሊሜትር ሞገድ የሚባለው ርዝመቱ ከ10 እስከ 1 ሚሊሜትር፣ ድግግሞሹ ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርትዝ ያለው ነው። የእኔ 23 ጊጋ ደጃፉ ላይ የቆመ ጎረቤት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ካልካታ ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ በ1858 ቤንጋል ውስጥ፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነው ምድር ተወለደ። ኬምብሪጅ ተምሮ ተመለሰና በ1885 በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ሕንዳዊ መምህር ያንኑ ሥራ ከሚሠራው አውሮፓዊ በእጅጉ ያነሰ ደመወዝ ነበር የሚቆረጥለት። ቦዝ ሥራውን አልተወም። ያንን ደመወዝ ግን አልነካም ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይከፈለው አስተማረ። በመጨረሻ ሙሉው ደመወዝ ካለፈው ውዝፍ ጋር ተከፈለው። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። የሦስት ዓመት ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ያውቀዋል።

ቦዝ ወደ ሞገድ ምርምር ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1886 እስከ 1888፣ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርትዝ ካርልስሩኸ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ እውነት መሆኑን በሙከራ አሳይቶ ነበር። የኸርትዝ ሞገዶች ረጃጅም ነበሩ፤ አጭሩ እንኳ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ሞገዱ እንደ ብርሃን መሰበሩን ለማሳየት ከዝፍት የሠራው ፕሪዝም ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ኸርትዝ በ1894 መጀመሪያ፣ ገና በ36 ዓመቱ ሞተ። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በዚያው ዓመት ስለ ኸርትዝ ሥራ የሰጠው ንግግር ታትሞ ካልካታ ሲደርስ ቦዝ አነበበው።

ቦዝ የነበረችው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ኩንታሎች የሚመዝን ፕሪዝም እዚያ አይገባም። ሞገዱ ካጠረ ግን መስተዋቱም፣ ሌንሱም፣ ፕሪዝሙም አብረው ያንሳሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ብርሃንን የሚመስል ነገር መመርመር ይቻላል። ስለዚህ ቦዝ ሞገዱን አሳጠረው። ጥቃቅን የብረት ኳሶች መካከል ብልጭታ እያስነሣ እስከ 5 ሚሊሜትር አወረደው፤ በዛሬው አነጋገር 60 ጊጋኸርትዝ ማለት ነው። ጊዜው ከ1894 እስከ 1897 ነው። ሩሲያዊው ፒዮትር ሌቤዴቭም በ1895 ሞስኮ ውስጥ 6 ሚሊሜትር ደርሶ ነበር፤ የቦዝ ጠረጴዛ ግን በዕቃ ዓይነት የሚተካከለው አልነበረም።

እኔን የሚማርከኝም ዕቃው ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ሲያስፈልገው የእንግሊዝ የባቡር ሰዓት ማውጫ መጽሐፍ ወስዶ በየገጹ መካከል የቆርቆሮ ወረቀት አስገባበት። ስኳር የሟሟበት ውሃ የብርሃንን አቅጣጫ እንደሚያዞር ይታወቅ ነበርና፣ ያንኑ በሞገድ ለማሳየት የጁት ክር አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ገምዶ ሞገዱን አሳለፈበት። ጁት የቤንጋል ተክል ነው፤ ጆንያ የሚሠራበት። የአባባ ባለቤት ገብስ የሚያሰጡበት ጆንያ በዓይኔ ላይ ይመጣል። ሞገዱን የሚሰበስበው አፉ የሰፋ የብረት ቱቦ ነበር፤ ዛሬ ሆርን እንለዋለን። ጣርማ በር ላይ ከዲሹ መካከል እያወለቅኩ የማጸዳት ፊድ የዚያ ቱቦ የልጅ ልጅ ናት። ሞገዱን ለመስማት ደግሞ ጋሌና የተባለውን የእርሳስ ማዕድን ክሪስታል ተጠቀመ፤ በእሱ የአሜሪካ ፓተንት የተሰጠው በ1904 ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የትራንዚስተር ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩ፣ ክሪስታልን የሞገድ መስሚያ በማድረግ ቀዳሚው እሱ መሆኑን መስክረዋል።

በ1895 ካልካታ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሞገዱን ከግድግዳ ወዲያ ልኮ ደወል አስደወለ፣ ባሩድም አፈነዳ። በ1897 ጥር ላይ ለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን መድረክ ቆሞ ያንኑ ሥራ አሳየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ዕፅዋት ምርምር አዘነበለ፤ ከራዲዮ ራቀ።

አንድ ነገር ግን አስባለሁ። ቦዝ የደረሰባት 5 ሚሊሜትር ኦክሲጅን አፉን ከፍቶ የሚጠብቅባት ቦታ ናት። በባሕር ጠለል ላይ 60 ጊጋኸርትዝ ሞገድ አንድ ኪሎሜትር ሲጓዝ 15 ዴሲቤል ያህል ይጠፋበታል፤ ከተነሣው ጉልበት ወደ ማዶ የሚደርሰው ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። በአንድ አዳራሽ ርቀት ግን ከአሥር አንዱ እንኳ አይጎድልም። ቦዝ ከአየሩ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ አየሩ አልነከሰውም። የክፍሏ መጥበብ ያደረገለት ሁለተኛው ውለታ ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የረጅም ሞገድ ነው። ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 አትላንቲክን ያሻገረው በብዙ መቶ ሜትር ርዝመት ነበር፤ መርከብና ጋዜጣ የፈለጉት ርቀት ነውና ሁሉም ወደዚያው ነጎደ። ሚሊሜትር ሞገድ ለአርባ ዓመት ያህል የጥቂት ላቦራቶሪዎች ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ያነቃው ጦርነት ነው። በፌብሩዋሪ 1940 በርሚንግሃም ውስጥ ራንዳልና ቡት አዲስ ዓይነት ማግኔትሮን ሠሩ። ያች አነስተኛ ዕቃ የ10 ሴንቲሜትር ሞገድ በብዙ ጉልበት ታመነጭ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ በኤምአይቲ የራዲዬሽን ላቦራቶሪን አቋቋመች። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር የራዳሩ ጨረር ይጠብባል፣ ምስሉም ይጠራል፤ አንቴናውም አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ከ10 ወደ 3 ሴንቲሜትር ወረዱ፤ ሠራ። ቀጣዩ 1.25 ሴንቲሜትር ተባለ፤ ኬ ባንድ ብለው ጠሩት።

ሃርቫርድ ውስጥ ጆን ቫን ቭሌክ የተባለ የሒሳብ ፊዚክስ ሰው ነበር። በ1942 ተቀምጦ የውሃ ተንን ሞለኪውል አሰላው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ወገኑ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ነው፤ ትክክለኛው ድግግሞሽ ሲነካው ይሽከረከርና ጉልበቱን ይወስዳል። ያ ድግግሞሽ 22 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ወጣ፤ በሞገድ ርዝመት 1.35 ሴንቲሜትር። ኬ ባንድ ከዚያ ጎን ነው የተቀመጠው። ኦክሲጅንንም አስልቶ 5 ሚሊሜትር ላይ ብርቱ መሆኑን አስጠነቀቀ። ቤል ላብስ ውስጥ የነበረው ወጣቱ ቻርልስ ታውንስም የውሃ ተን ይህን ራዳር እንደሚያስቸግር ተናግሮ ነበር። ዝግጅቱ ግን ተጀምሯል፤ ራዳሩ ተሠራ። እርጥበት በበዛበት አየር ራዳሩ ቅርብ እንጂ ሩቅ አላይ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ኬ ባንድ ለሁለት ተከፈለ፤ ከውሃው በታች ያለው ኬዩ፣ ከውሃው በላይ ያለው ኬኤ ተባለ። የሳተላይት ዲሽ የሚተክል ልጅ ሁሉ በየቀኑ "ኬዩ ባንድ" ይላል። ያ ስም የውሃ ጠባሳ መሆኑን ግን ስንቱ ያውቃል?

ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በራዲዬሽን ላቦራቶሪው የነበረው ሮበርት ዲኪ ተንኑ ምን ያህል እንደሚበላ መለካት ፈለገ። ምንም የማይልክ፣ የሚያዳምጥ ብቻ መሣሪያ ሠራ፤ በአንቴናውና ሙቀቱ በታወቀ ነገር መካከል በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተቀያየረ ልዩነቱን የሚያነብ። በ1945 ፍሎሪዳ ወስደው ወደ ሰማይ አቀኑት፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። የሚበላ ነገር ሁሉ መልሶ ይተነፍሳል፤ የውሃ ተን በ22 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ከበላ በዚያው ድግግሞሽ ደካማ ሙቀት ይሰጣል። ዲኪ ያንን ትንፋሽ ሰማ። ራዳሩን ያከሸፈው ውሃ ስንት እንደሆነ ራሱ ተናገረ። እኔ ጣርማ በር ላይ በደብተር የያዝኩትን እነሱ ያኔ በሒሳብ ይዘውታል።

የታውንስን ታሪክ ያነበብኩ ሰሞን ዋሽንግተን መሀል ሥራ ነበረኝ። ፍራንክሊን ፓርክ በ13ኛውና በ14ኛው ጎዳና መካከል ያለ መናፈሻ ነው፤ ከሥራ ወጥቼ ስንት ጊዜ አቋርጬዋለሁ። ታውንስ በ1951 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስለ ሚሊሜትር ሞገድ ያቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ችግሩ የማመንጫ ነበር። ማግኔትሮኑም ክላይስትሮን የተባለው ሌላው ማመንጫም ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ክፍሎቻቸው ያንሳሉ፤ ሚሊሜትር ላይ ሲደርሱ ለመሥራት የሚያስቸግሩ፣ በገዛ ሙቀታቸው የሚቃጠሉ ይሆናሉ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሲበተን መፍትሔ አላገኘም። ኤፕሪል 26 ጠዋት ታውንስ ከስብሰባው በፊት ማልዶ ነቃ፤ ሆቴል አብሮት ያደረውን ሰው ላለመቀስቀስ ወጥቶ ፓርኩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አዛሊያ አበባው ፈክቷል። እዚያ ተቀምጦ፣ ትንሽ ክፍል መሥራት ካቃተን ተፈጥሮ የሠራቻትን ትንሽ ክፍል ለምን አንጠቀምም ብሎ አሰበ፤ ሞለኪውሏን ማለቱ ነው። ኪሱ ውስጥ ባገኘው ኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ አሰላው። አሞኒያን መረጠ። በ1954 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሜዘር የተባለውን የሞለኪውል ማመንጫ አስነሣ፤ ድግግሞሹ 24 ጊጋኸርትዝ አካባቢ፣ ያው የውሃው ጎረቤት። ሌዘር የመጣው ከዚያ ሐሳብ ነው፤ በ1964 ኖቤል ከሁለት ሩሲያውያን ጋር ተጋራ።

በዚያው ሰሞን ሥራዬን ጨርሼ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የትኛው እንደነበር የሚያመለክት ነገር አልፈለግኩም። ለእኔ የበቃኝ ይህን ማሰብ ነው፦ በጦርነቱ ጊዜ ሞለኪውል ሞገድ እንደሚበላ ያስጠነቀቀው ያው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ሞለኪውል ሞገድ እንዲሰጥ አደረገ።

ከውሃው ጋር ያልታረቁም ነበሩ። ቤል ላብስ ዝናብን ለማምለጥ ሞገዱን ቱቦ ውስጥ ከተተው። ውስጡ 60 ሚሊሜትር የሚሰፋ ክብ ቧንቧ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ከ40 ጊጋኸርትዝ አንሥቶ ከ100 በላይ እስካለው ድረስ ሁሉንም በአንድ ላይ ሊያስኬድ አሰበ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ጀርዚ ውስጥ 14 ኪሎሜትር ዘርግተው ሞከሩት፤ ከ200 ሺህ በላይ የስልክ ንግግሮች የሚሸከም ነበር፤ ሠርቷል። ግን ቧንቧው ቀጥ ብሎ መዘርጋት ነበረበት፤ ጥቂት ከተጣመመ ሞገዱ ይበላሻል። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ኩባንያ ብርሃን አርቆ የሚወስድ ቀጭን ክር ሠርቶ ስለነበር ቧንቧው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ተሸነፈ። ያን ያህል ሰው ብዙ ዓመት የለፋበትን ቧንቧ ሳስብ ያሳዝነኛል፤ መሐንዲሶቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም።

ኦክሲጅን ደግሞ ሌላ ዕጣ ወጣለት። በ1963 ሚክስና ሊሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች አንድ ቀላል ነገር አመለከቱ። ኦክሲጅን የትም ቦታ ከአየሩ ከመቶ 21 እጅ ነው፤ መጠኑ አይለዋወጥም። ስለዚህ በ60 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሚተነፍሰው የሚበዛና የሚያንሰው በሙቀቱ ብቻ ነው። ልኩን ጠንቅቀህ ከመረጥክ ድግግሞሹ ሲቀየር የምታየው የአየር ንብርብር ከፍታ ይቀየራል። በዲሴምበር 1972 የመጠቀችው ኒምቡስ 5 ሳተላይት ይህን ይዛ ወጣች። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ተከታታይ ሳተላይቶች ሳያቋርጡ የምድርን አየር ሙቀት ከላይ ይለካሉ፤ አብዛኛው ደመና አይከልላቸውም። በ1998 የመጣው ትውልድ 23.8 ጊጋኸርትዝም ያዳምጣል፤ ያ የውሃ ተን ነው። የነገው ዝናብ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን ትንበያ ከእነዚህ ጆሮዎች ብዙ ይመገባል። ወታደሮቹ በበኩላቸው ሳተላይቶቻቸውን በ60 ጊጋኸርትዝ እርስ በርስ አነጋገሩ፤ ኦክሲጅኑ ከታች ለሚያደምጥ ጠላት መጋረጃ ሆነላቸው።

ከዋክብትን የሚያዩት ግን ከውሃው መሸሽ ነበረባቸው። በ1970 ዊልሰን፣ ጄፈርትስና ፔንዚያስ አሪዞና ኪት ፒክ ላይ ኦራይን በተባለው የሰማይ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን በ2.6 ሚሊሜትር አገኙ፤ ከዋክብት የሚወለዱበት ቀዝቃዛ ጋዝ እንዲህ ነው መነበብ የጀመረው። ዛሬ ትልቁ የሚሊሜትር መስክ፣ አልማ፣ ቺሊ ውስጥ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ በደረቁ በረሃ 66 አንቴናዎች ይዞ ቆሟል። በኤፕሪል 2019 ዓለም ያየው የጥቁር ጉድጓድ ጥላ የተነሣው በ1.3 ሚሊሜትር ነው፤ አልማም ካዳመጡት አንዱ ነበር።

እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ አብሬያት አገር ቤት ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በዚሁ ሞገድ ሰው በሚፈትሸው ክብ የመስታወት ክፍል አሳለፏት። ነጠላዋን አውልቃ፣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ቆመች። ከወጣች በኋላ ስክሪኑ ላይ የሰው ቅርጽ ራስ ላይ ቢጫ ምልክት መጣ፤ ሴት ፈታሿ ሹሩባዋን ዳሰሰችላት። እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች "ምን አየብኝ?" አለችኝ።

"ልብሱን አያየውም እማዬ" አልኳት። "ሞገዱ ጥጡን አልፎ ገላ ላይ ይመታል። ገላ ውሃ ነው፤ ውሃ ይመልሰዋል። በገላሽና በልብስሽ መካከል የተደበቀ ነገር ካለ አመላለሱ ይለያል። ሹሩባሽ ወፍራም ስለሆነ ግራ ገባው።"

"ራቁቴን አየኝ ማለት ነው?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ የሰውን ቅርጽ እንዳለ ያሳይ ነበር፤ ሰው አቤት ስላለ ኮምፒዩተሩ ለብቻው እንዲያየው ተደርጎ ሰው የሚያየው ያን የሕፃን ሥዕል የመሰለ ቅርጽ ብቻ ሆነ። መሣሪያው የመጣው ዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ካለው ፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። ሺን፣ ማክማኪንና ሆል ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠርተውበታል፤ ሞገዱ ዙሪያውን ከብዙ ቦታ ተሰብስቦ በስሌት ምስል ይሆናል። የሚጠቀመው 1 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ነው። እማዬ ሰምታኝ "እሺ፣ ውሃ ነን ማለትህ ነው" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

አሁን ወደ ስልክ ልምጣ። የሞባይል ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሚሊሜትርን ለስልክ አይሆንም ይሉ ነበር። ቴድ ራፓፖርትና ተማሪዎቹ ኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ለክተው በ2013 እንደሚሠራ ጽፈው አሳዩ፤ በ2016 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት 28 ጊጋኸርትዝንና ሌሎችን ለ5ጂ ከፈተ። ዝናቡ እንደ ድሮው ይበላል፤ ግን አንቴናዎቹ በመቶ ሜትሮች ተቀራርበው ሲተከሉ የሚበላው ትንሽ ነው። የቦዝ አዳራሽ ዘዴ ተመለሰ ማለት ነው። መኪኖችም በ1990ዎቹ መጨረሻ 77 ጊጋኸርትዝ ራዳር አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከፊታቸው ያለውን መኪና መከተል ጀመሩ።

እኔን ያስደነገጠኝ የ2019 ጨረታ ነው። አሜሪካ 24 ጊጋኸርትዝን ለስልክ ኩባንያዎች ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠች። ይህ ከ23.8፣ ከውሃው ትንፋሽ ጎን ለጎን ነው። ትንፋሹ እጅግ ደካማ ነው፤ ከጎኑ ስልክ ከጮኸ ሳተላይቷ ጩኸቱን ተን ነው ብላ ትቆጥራለች። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ኒል ጄኮብስ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ለምክር ቤት ቀርበው የትንበያው ብቃት ከመቶ እስከ 30 እጅ ሊወርድ እንደሚችል ተናገሩ። ኦክቶበር ላይ ሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰበው የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ወደ ተኑ የሚፈስሰው ጩኸት ላይ ገደብ አኖረ፤ ከሴፕቴምበር 2027 በኋላ ለሚተከሉ ጣቢያዎች ጠበቅ የሚል። ብዙ የሜትዎሮሎጂ ሰዎች ገደቡ ልል ነው ብለዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በዝናብ የሚያርስ ገበሬ ከሚበዛበት አገር ነው የመጣሁት፤ ያ የውሃ ድምፅ በማንም ጩኸት እንዲሸፈን አልፈልግም።

የሚያጽናናኝ ነገርም አለ። በ2006 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሃጊት ሜሰርና ባልደረቦቿ የሞባይል ታወሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሊንክ የዝናብ መለኪያ መሆን እንደሚችል በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። እኔ በሠራሁበት ድግግሞሽ አካባቢ ነገሩ እጅግ የተመቸ ነው፤ ዝናቡ እጥፍ ሲሆን በዴሲቤል የሚቆጠረው ጥፋት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሆላንዶች ተከተሉ። በ2012 ኡጋዱጉ ላይ በ29 ኪሎሜትር ሊንክ ተሞክሮ በአፍሪካ ምድር እንደሚሠራ ታየ፤ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት፣ ታወር ግን ብዙ ባለበት አገር። በእኛም ተራሮች ላይ በየአናቱ ታወር አለ። ንባቡ በየጊዜው ይመዘገባል፤ ሊንኩ ሲመለስ ግን ማንም አያስታውሰውም። ለዝናብ ሰዎች ቢደርስ ብዬ በየክረምቱ እመኛለሁ።

ደብተሬን ከአገር ስወጣ ይዤው ወጥቻለሁ። ሽፋኑ ተልጧል፤ አንዳንዱ ገጽ በጉሙ እርጥበት ተሸብሽቧል። በእኛ አቆጣጠር የሐምሌ 18 ቀን 1996 ዓ.ም. መስመር እንዲህ ይላል፦ "8፡20፣ −57፣ ስጥ ተነሣ። 8፡40፣ እኛ ጋ ዘነበ። 9፡05፣ ሊንክ ወረደ። 10፡15፣ ሊንክ ተመለሰ፣ −43። አባባ ቆሎ ላኩ።"